የስላቅ ዜና እና የቆዳ ቀለም፦ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በዘረኝነት ላይ እንዴት እንደሚቀልድ

የስላቅ ዜና ማለት አቅራቢው ዜና አንባቢ መስሎ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ፣ የዕለቱን እውነተኛ ዜና እያነሳ የሚቀልድበት ፕሮግራም ነው። ኮቱ፣ ክራቫቱ፣ ከኋላ ያለው ካርታ፣ "ዘጋቢያችን ከስፍራው" የሚለው ሁሉ ዜና ይመስላል። ይህ ዳሰሳ እነዚህ ፕሮግራሞች፣ በተለይ የአሜሪካዎቹ፣ ስለ ጥቁርና ነጭ ጉዳይ እንዴት እንደሚቀልዱ ያያል። እዚህ ጅማ ጋዜጠኝነት የሚማሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ በአማርኛ ግን አንድ ላይ የተጻፈ ነገር አላገኘሁላቸውም። ምንጬ በዋናነት ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቪዲዮ በብዛት የሚገኝበት ዘመን ሰፋ ብሎ ቀርቧል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ ቢቢሲ በ1962 በዜና ላይ የሚያሾፍ ሳምንታዊ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በ1975 የተጀመረው ሳተርደይ ናይት ላይቭ "ዊክኤንድ አፕዴት" የሚባል የዜና ክፍል ይዞ መጣ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር አንባቢ የተቀመጠው ግን በ2014 ነው፤ ማይክል ቼ ይባላል። ቼ እና ነጩ ባልደረባው ኮሊን ጆስት አንዱ ለሌላው ቀልድ የሚጽፍበት ልማድ አላቸው። ቼ ዘረኛ የሚመስል ቀልድ ይጽፋል፣ ጆስት ቀድሞ ሳያየው በቀጥታ ስርጭት ያነበዋል። ተመልካቹ የሚስቀው በጥቁሮች ላይ አይደለም፤ ላብ በላብ ሆኖ በሚያነበው ሰውዬ ነው።

ዋናው ግን ዴይሊ ሾው ነው። በ1996 ኮሜዲ ሴንትራል በሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ተጀመረ፤ ጆን ስቲዋርት በ1999 ሲረከበው ወደ ፖለቲካ ዞረ። በ2006 ላሪ ዊልሞር "የጥቁሮች ጉዳይ ከፍተኛ ዘጋቢ" የሚል ማዕረግ ይዞ ብቅ አለ። ማዕረጉ ራሱ ቀልድ ነው፤ የጥቁሮች ጉዳይ ሲነሳ ብቻ ጥቁር ሰው ፈልገው ካሜራ ፊት የሚያስቀምጡትን ጣቢያዎች ይነካል።

ከዚያ ዘመን ለተማሪዎች መጀመሪያ የማሳየው የዴይሊ ሾው ዘጋቢ የነበረችውን የጄሲካ ዊሊያምስን የ2013 ዘገባ ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ በዚያን ጊዜ መንገደኛን እያስቆመ ይፈትሽ ነበር፤ የሚፈተሹት ደግሞ በብዛት ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ። ዊሊያምስ "ወንጀል ወደ በዛበት ሰፈር መጥቻለሁ" ብላ ባንኮቹ ወዳሉበት ዎል ስትሪት ሄደች። እዚያ ያሉትን ሙሉ ልብስ የለበሱ ነጮች ለምን አያስቆሟቸውም፣ ለምን አይፈትሿቸውም ስትል ጠየቀች። አንድም ጥቁር አልተሾፈበትም። ሕጉ ራሱ ተገልብጦ ታየ፤ ሲገለበጥ አስቂኝ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያም ልክ አልነበረም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሌላው ዘጋቢ አሲፍ ማንድቪ፣ ጥቁሮች እንዳይመርጡ ያደናቅፋል ተብሎ የተተቸውን የሰሜን ካሮላይናን የመራጮች መታወቂያ ሕግ ሊዘግብ ሄዶ አንድ የአካባቢ የሪፐብሊካን ፓርቲ ኃላፊን አነጋገረ። ሰውዬው እሱ ራሱ ስለ ጥቁሮች የሚያስበውን ካሜራ ፊት ዘረገፈው። ማንድቪ ብዙም አልቀለደም፤ እየጠየቀ ብቻ አስወራው። ኃላፊው ፕሮግራሙ ከታየ በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ነገር ግን እንዲህ ንጹህ አልነበረም። ጸሐፊና ዘጋቢ የነበረው ዋያት ሴናክ በ2015 በአንድ ፖድካስት ላይ እንደተናገረው፣ ስቲዋርት ጥቁሩን ፖለቲከኛ ኸርማን ኬንን ያስመሰለበት ድምፅ ቅር አሰኝቶት ነበር፤ ይህን ሲያነሳ ስቲዋርት ጮኸበት። ሴናክ በዚያን ጊዜ በጸሐፊዎቹ ክፍል ብቸኛው ጥቁር እሱ እንደነበርም ተናግሯል። የሁለቱን ወገን ትክክለኛ ቃል ማመዛዘን ከባድ ነው። የሴናክ ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር።

ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እዚህ ከተማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ቡና ይጠጣል፤ በብሔር መቀላለድም ያለ ነው፣ ከተማችን በዚህ አትታማም። ግን የተቀለደበት ሰው እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ስለተቀመጠ ወዲያው መልሱን ይሰጣል፣ ከመስመር ከወጣም አንዱ ትልቅ ሰው "ኧረ ተዉ" ይላል። ቴሌቪዥን ላይ መልስ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ የሚቀለድበት ወገን ቢያንስ ቀልዱ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ መኖር አለበት፤ የዚህ ዘርፍ ጥሩም መጥፎም ታሪክ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ስቲቨን ኮልቤር ከ2005 እስከ 2014 በራሱ ፕሮግራም ግትር ወግ አጥባቂ ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። "እኔ የቆዳ ቀለም አይታየኝም" ይላል ገጸ ባሕርዩ፤ ነጭ መሆኑንም ያወቀው ሰዎች ስለነገሩት ነው። በ2014 ግን ለነባር አሜሪካውያን ስድብ የሆነውን የቡድኑን ስም አልቀይርም ያለ አንድ የዋሽንግተን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ባለቤትን ለመተቸት የተነገረ በእስያውያን ስም የተሠራ ቀልድ በፕሮግራሙ የትዊተር ገጽ ላይ ብቻውን ተቆርጦ ወጣ። ኮልቤር ይሰረዝ የሚል ዘመቻም ተነሳ። ጽሑፉን የለጠፈው እሱ አልነበረም፤ ቢሆንም ስላቅ ከአውዱ ሲነጠል ስድብ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ታየ።

ዊልሞር በ2015 የራሱን ፕሮግራም አገኘ። እንግዶቹን ከባድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሽሽት ያለበት ለስላሳ መልስ ለሰጠ የሻይ ከረጢት ይወረወርለታል። በነሐሴ 2016 ተዘጋ።

አሁን ወደ ትሬቨር ኖህ። በ1984 ጆሃንስበርግ የተወለደው ከጥቁር እናትና ከነጭ ስዊዘርላንዳዊ አባት ነው፤ የአፓርታይድ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ግንኙነት ይከለክል ነበር። በመስከረም 2015 የስቲዋርትን ወንበር ተረከበ። ያኔ የቆዩ የትዊተር ቀልዶቹ ተቆፍረው ወጥተው ተወቅሷል፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ደካማ ነበሩ፣ የሰውየው መለኪያ ግን እነሱ አይደሉም። ብዙም ሳይቆይ የዶናልድ ትራምፕን ንግግር ከእነ ኢዲ አሚን፣ ከእነ ጋዳፊ ንግግር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ትራምፕ የአፍሪካ መሪ ይመስላል አለ። አሜሪካኖቹ አዲስ ነገር ሆኖባቸው ሳቁ፤ እኛ ግን የምናውቀውን ነገር አየን።

በ2018 ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ "አፍሪካ አሸነፈች" አለ። ጅማ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ እነ ፖግባን፣ እነ ካንቴን የኛ ልጆች ያለ ሰው ይህ ቀልድ ወዲያው ይገባዋል። በአሜሪካ የፈረንሳይ አምባሳደር ግን ተቆጥተው ደብዳቤ ጻፉ፦ እነዚህ ልጆች ፈረንሳውያን ናቸው፣ አፍሪካዊ ማለት ፈረንሳዊነታቸውን መካድ ነው። ኖህ ደብዳቤውን በፈረንሳይኛ ቅላጼ አነበበውና መለሰ። ሁለቱንም መሆን ለምን አይችሉም? እኔ አፍሪካዊ ስላቸው ላቅፋቸው እንጂ ከፈረንሳይ ላስወጣቸው አይደለም። አምባሳደሩ የፈሩት ነገር በአውሮፓ አለ፤ እዚያ ዘረኞች ተጫዋቾቹን "የኛ አይደሉም" ለማለት ተመሳሳዩን ቃል ይጠቀማሉ። መልሱ ግን የኖህ ነው፣ ቃሉን ማን፣ ለምን አለው የሚለውን ለይቶ አስቀምጧል።

ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በግንቦት 2020 በፖሊስ ሲገደል ኖህ በኮቪድ ምክንያት ከቤቱ ይሠራ ነበር። ያለ ተመልካች፣ ያለ ሳቅ፣ ወደ 18 ደቂቃ ተናገረ። ስቲዋርትም በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን 9 ጥቁሮች በተገደሉ ማግስት ዛሬ ቀልድ የለኝም ብሎ ነበር። ኖህ በታኅሣሥ 2022 ለቀቀ።

በሴት ሜየርስ ("ሴት" የሰውዬው ስም ነው) ፕሮግራም ደግሞ አምበር ራፊንና ጄኒ ሄግል "ሴት ሊናገራቸው የማይችላቸው ቀልዶች" የሚል ክፍል አላቸው። ሜየርስ ነጭ ወንድ ስለሆነ የቀልዱን መነሻ ብቻ ያነባል፤ መጨረሻውን ጥቁሯ ራፊን ወይም ሄግል ትለዋለች።

በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ሎይሶ ጎላ የዜና ፕሮግራም ለዓለም አቀፉ የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቷል፤ ኬንያም በ2009 ፖለቲከኞቿን በአሻንጉሊት የሚያሳይ ፕሮግራም ጀምራ ነበር።

ዴይሊ ሾው ዛሬ ቋሚ አቅራቢ የለውም። ስቲዋርት በ2024 ለሰኞ ብቻ ተመለሰ፣ ሌሎቹን ቀናት ዘጋቢዎቹ ይፈራረቁበታል። ከእነሱ መካከል ከማሌዥያ የመጣው ሮኒ ቺየንግ አለ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከጸሐፊዎቹ ክፍል የወጣው ጆሽ ጆንሰን ተራ ይዟል።