ጋይሮስኮፕ ሲሽከረከር ክብደቱ ይቀንሳልን?

ጋይሮስኮፕ፣ ማለትም በዘንግ ላይ በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ፣ ክብደቱ ይቀንሳል የሚለው መላምት ብዙ ወሬ ያስነሣው በ1974 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ኤሪክ ሌይትዌይት ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም ካቀረቡት ንግግር በኋላ ነው። ሰውዬው በመስመራዊ ሞተርና በማግኔት በሚንሳፈፍ ባቡር ሥራቸው የተከበሩ መሐንዲስ ስለነበሩ ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም፤ ተቋሙ ግን ንግግሮችን ማሳተም ልማዱ ሆኖ ሳለ ይህንን ሳያሳትመው ቀረ።

በረጅም ዘንግ ጫፍ የተተከለ ከባድ ጎማ ሲሽከረከር በአንድ እጅ በቀላሉ መነሣቱ እውነት ነው፤ ስህተቱ ከትርጓሜው ላይ ነው። ያልተሽከረከረውን ጎማ ዘንጉን በአንድ ጫፍ ብቻ ይዞ አግድም ለማቆየት የሚሞክር ሰው ክብደቱን ከመሸከም ሌላ፣ ጎማው ወደ መሬት እንዳያዘቀዝቅ በእጁ አንጓ መታገል አለበት፤ የሚያደክመውም ይኸኛው ነው። ጎማው ሲሽከረከር ግን ያው አዘቅዛቂ ጉልበት ዘንጉን ወደ ታች ከመጣል ይልቅ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ዙረቱን በእጅ ገፋ አድርገው ሲያፈጥኑትም ጎማው ወደ ላይ ይነሣል። አንጓው ከትግሉ ዐረፈ እንጂ ክብደቱ የትም አልሄደም፤ ጎማውን የያዘው ሰው ሚዛን ላይ ቢቆም፣ ጎማው ወደ ላይ ሲነሣና ሲቆም ከሚታየው ቅጽበታዊ መወዛወዝ በቀር፣ ንባቡ ያው ነው።

የእጅን ስሜት ትቶ በሚዛን የተመሠረተው የጃፓኑ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሃያሳካና የታኬዩቺ ሙከራ ከዚህ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ነበር። በታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ140 እስከ 176 ግራም የሚመዝኑ ጎማዎች በደቂቃ ከ3,000 እስከ 13,000 ጊዜ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ክብደታቸው ከፍጥነታቸው ጋር በሚመጣጠን ልክ በሚሊግራም የሚቆጠር መጠን እንደሚቀንስ፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ግን ምንም እንደማይለወጥ ገለጹ። ቀኝን ከግራ የሚለይ የስበት ሕግ ስለማይታወቅ ውጤቱ ወዲያው ተፈተነ፤ በ1990 በአሜሪካ ቦልደር እነ ፋለር፣ በፈረንሳይ ሴቭር ደግሞ ኩዊንና ፒካርድ ሲደግሙት ለውጡን አላገኙትም። የሚሽከረከር ነገር ንዝረት ስሱ ሚዛንን ሊያሳስት እንደሚችልም ተጠቁሟል።

የሚገርመው፣ እንደ አንስታይን ንድፈ ሐሳብ የሽክርክሪት ጉልበት ራሱ መጠነ ቁስ ስለሚጨምር፣ ጎማው በጥብቅ ስሌት ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ጭማሪው ግን እንዲህ ላለ ትንሽ ጎማ ከሚሊግራም ቢሊዮንኛ እጅ ያነሰ ነው።