ጂፒኤክስ ምንድን ነው?

ጓደኛዬ አንድ የእግር መንገድ ላከልኝ። ከአራት ኪሎ ይነሳል፣ በጊዮርጊስ ይዞራል፣ ከዚያ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር ይወርዳል። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤሴ ላይ ጫንኩና ወጣሁ። ፒያሳ ስደርስ መሣሪያው በግራ ታጠፍ አለኝ። በግራ ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው።

የላከልኝ ፋይል ጂፒኤክስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኖትፓድ ይከፍተዋል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ዛሬ የምንሠራበት ስሪት 1.1 ደግሞ በ2004። ውስጡ የቁጥር መዓት ነው። መሃል አዲስ አበባ ከሆናችሁ ላቲትዩዱ (የሰሜን-ደቡብ ቁጥሩ) 9.03፣ ሎንግቲዩዱ (የምሥራቅ-ምዕራብ ቁጥሩ) 38.75 አካባቢ ይላል። በእጃችሁ ስትጽፉ ካቀያየራችሁት ፒያሳ ከሰርዲኒያ ደሴት በታች ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች። አንዴ አስገብቻታለሁ።

ፋይሉ ሦስት ነገር ሊይዝ ይችላል። ዌይፖይንት አንድ ነጥብ ነው፤ «እዚህ ጥሩ ማኪያቶ አለ» ብሎ ምልክት እንደማድረግ። ጣጣው ያለው ሩትና ትራክ ላይ ነው።

ሩት ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ለእንግዳ ሰው «ጊዮርጊስ ስትደርስ ቸርችልን ያዝ» ብሎ እንደመንገር። በነጥቦቹ መሃል ያለውን መንገድ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ራሱ፣ በውስጡ ካለው ካርታ ይፈልጋል። የእኔ ካርታ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከመጀመሩ በፊት የተጫነ ነው። ስለዚህ የሌለ ቅያስ አሳየኝ።

ትራክ ግን መሬቱ ላይ ኖራ እየበተኑ እንደመሄድ ነው። ነጥቦቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣ መሣሪያው አያሰላም፣ የተሰጠውን መስመር ስሎ ያሳያል። ታጠፍ ብሎ አይጨቀጭቅም፤ መስመሩን ማየት የእናንተ ሥራ ነው። ሰፈሩ በየጊዜው በሚቀየርበት መሃል ከተማ እኔ ትራክ ነው የምመርጠው። እሱም ቢሆን በቅርብ ሰው የሄደበት ከሆነ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። መሣሪያችሁ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ የሠራው ከሆነ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ታገናኙታላችሁ፣ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ጂፒኤክስ የሚል አለ፤ እዚያ ትገለብጡታላችሁ። አሮጌ መሣሪያ ግን ነጥብ ሲበዛበት ጭራውን ቆርጦ ይጥላል። ከቤት ሳትወጡ መስመሩ ለገሃር መድረሱን እዩ። የአንዱ ጓደኛችን ብሔራዊ ቴአትር ጋ ነው ያለቀው።