«ከጦር ክብር ጋር እጅ መስጠት» ምንድን ነው? የአምባላጌው ከበባ

አምባላጌን በመኪና ያለፈ ሰው ብርዱን አይረሳውም። ከመቀሌ ወደ ማይጨው ሲኬድ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጉሙ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ይከናነባል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከዚህ ተራራ ላይ 5,000 ገደማ የጣሊያን ወታደሮች በሰልፍ ወረዱ። ተሸንፈዋል፤ ግን ጠመንጃቸው በእጃቸው ነበር። ከታች የእንግሊዝ ጦር የክብር ዘብ አቁሞ ጠበቃቸው። በዘቡ ፊት አለፉ፣ ከዚያ መሣሪያቸውን አስረከቡ፣ ከዚያ ምርኮኛ ሆኑ።

ለተሸነፈ ጠላት የክብር ዘብ ይቆማል? አዎ፣ ይቆማል። ነገሩ የቆየ የአውሮፓ የጦርነት ልማድ ነው። በእኛ ቋንቋ «ከጦር ክብር ጋር እጅ መስጠት» ብንለው ያስኬዳል።

ልማዱ የመጣው ከምሽግ ውጊያ ነው። አንድ ምሽግ ተከቧል እንበል። ውስጥ ያለው ጦር የሚችለውን ያህል ተከላክሏል። ከውጭ የሚደርስለት ረዳት የለም። አሁን ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ እስከ መጨረሻው ቆይቶ ግንቡ ሲፈርስ መታረድ ነው። ሌላው ሳይፈርስ በፊት መደራደር ነው። ከተደራደረ ባንዲራውን እንደዘረጋ፣ ከበሮውን እየመታ፣ መሣሪያውን እንደያዘ ይወጣል። ከባቢውም ይጠቀማል፤ ግንቡን ለመስበር የሚያልቁበት ወታደሮች ይተርፉለታል፣ ጊዜም ያተርፋል። ስለዚህ ክብሩ ውለታ አይደለም። ሁለቱም ወገን የሚከፍሉበት ስምምነት ነው።

ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ከበባ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከበባ ሲባል ዙሪያውን ተኩስ የሚዘንብበት ቦታ ይመስለናል። ዋናው ሥራው ግን መቁረጥ ነው። ውሃ ይቆረጣል፣ ስንቅ ይቆረጣል፣ ጥይት ይቆረጣል፣ ቁስለኛ የሚወጣበት መንገድ ይቆረጣል። ጦሩ ምንም ያህል ጀግና ቢሆን ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው ቀን ነው።

አምባ ደግሞ ለዚህ ልዩ ቦታ ነው። አምባ ለእኛ መሸሸጊያ ነው። ጠላት ሲመጣ ወደ አምባ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ግን ጠላትን የማያስወጣው ገደል አንተንም አያስወርድህም። ውሃ ከሌለህ አምባው ራሱ ያስርሃል።

ጣሊያኖች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባቸው። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ጦር የተንበረከከው በመድፍ አልነበረም። የውሃው ምንጭ ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፣ ተያዘ። ሁለት ሳምንት ገደማ ተጠምተው ቆዩና በጥር ወር በድርድር ወጡ። አፄ ምኒልክ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ወገናቸው እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። ይህ የጦር ክብር በሙሉ መልኩ ነው፤ ምርኮኛ እንኳ አልሆኑም። ምኒልክም በከንቱ አልሰጡትም። የራሳቸውን ጦር ከሚመለሱት ጣሊያኖች ጋር አንቀሳቅሰው ያለችግር ወደ ዓድዋ አቅጣጫ ተጓዙ። ጋሊያኖ ራሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ ሞተ።

ወደ 1933 እንመለስ። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴና የጦሩ ሁሉ አዛዥ አሜዴዎ፣ የአኦስታው መስፍን፣ ነበር። አባቶቻችን «ዱካ ዳኦስታ» የሚሉት ሰው ነው። መጋቢት 18 ቀን ከረን ተሰበረ። መጋቢት 28 አዲስ አበባ ተያዘ። ምፅዋም ወዲያው ተከተለ። ከዚህ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠራጠር አልነበረም። ዱካው ግን አሸንፋለሁ ብሎ አልነበረም አላጌ የወጣው። ከአስመራ ወደ ደሴና አዲስ አበባ የሚያልፈው መንገድ በዚያ በኩል ነው። መንገዱን ይዞ በቆየ ቁጥር የእንግሊዝ ጦር ወደ ግብፅ መሄድ አይችልም። ያን ጊዜ የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ሊቢያ ገብቷል፣ እንግሊዞች በየቀኑ ወታደር ይፈልጋሉ። ዱካው የሚዋጋው ለቀን ነበር።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ አላጌ ላይ ውጊያው ገና መጀመሩ ነው። ከሰሜን የመጣው በጄኔራል ሜይን የሚመራው 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ነው። በምሥራቅ በኩል እንደሚመጣ አስመስሎ በምዕራብ መታ። ድንጋዩን ፈልፍለው የመሸጉ ጣሊያኖችን ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየገፋ ወጣ። ከደቡብ ደሴን ያለፈው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በፒናር መሪነት ደረሰ። በሌላው በኩል የራስ ሥዩም መንገሻ ተዋጊዎች ነበሩ። ቀለበቱ ተዘጋ።

ከዚያ አንድ የመድፍ ጥይት የጣሊያኖቹን የነዳጅ ማከማቻ መታ። ዘይቱ ፈስሶ ከቀረችው የመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቀለ። መቀሌ ላይ የሆነው ከ45 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተደገመ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ምሽግና ያ ሁሉ መትረየስ እያለ፣ መጨረሻውን የወሰነው የሚጠጣ ነገር ማጣት ነው።

አሁን ድርድሩ ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች ቶሎ የሚያልፉት ጥያቄ አለ፤ እጅ የሚሰጠው ለማን ነው? የተከበበ ጦር ብዙ ነገር ያጣል፣ ይህን ግን አንዳንድ ጊዜ መምረጥ ይችላል። ጣሊያኖቹ መስጠት የፈለጉት ለእንግሊዝ ነው። ለአርበኞች መስጠትን ፈርተዋል። ለመደራደር የወጣ አንድ ጄኔራላቸው እንኳ በመንገድ ላይ በአካባቢው ታጣቂዎች ተገድሎ ነበር።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? ማይጨው ከአላጌ ብዙም አይርቅም። ከ5 ዓመት በፊት በዚያ ዘመቻ የኢትዮጵያ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ተጥሏል። የካቲት 12 ቀን 1929 እና ተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመው እልቂት በግራዚያኒ ጊዜ ነው፤ ዱካው የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከግራዚያኒ የለዘበ ሰው እንደነበርም ይነገርለታል። ግን የተከበበው ወታደር ይህን ልዩነት አርበኛው ይይልኛል ብሎ አልጠበቀም። የተደረገውን ያውቅ ነበር።

እንግሊዞችም ይህን ፍርሃት በደንብ ተጠቀሙበት። በዚያው ግንቦት ወር አጊባር ላይ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ያደረገውን ማየት ይበቃል። ከፊቱ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራ፣ ከእሱ ኃይል እጅግ የሚበልጥ ጦር ነበር። ዊንጌት ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ «አሁኑኑ ለእኔ እጅ ካልሰጣችሁ እኔ እሄዳለሁ፣ ለአርበኞቹ ትቀራላችሁ» የሚል ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ጦር እጁን ሰጠ።

በብዙ የውጭ ታሪክ አርበኛው እዚህ ቦታ ላይ እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ይጠቀሳል። ይህ ያሳዝነኛል። ከበባ የሚሠራው ቀዳዳ ሳይኖረው ነው። ገደሉን፣ የፍየል መንገዱን፣ ምንጩን የሚያውቅ ሰው ካልዘጋው የተከበበው ሌሊት ሾልኮ ይወጣል። 5 ዓመት ሙሉ ጣሊያን ከከተማና ከምሽግ ርቆ በሰላም እንዳያድር ያደረጉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ስማቸው የገባው ግን እንደ ስጋት ነው።

ስምምነቱ እንግዲህ ይህ ሆነ። ጣሊያኖቹ በመሣሪያቸው በክብር ዘብ ፊት ያልፋሉ፣ ከዚያ ትጥቃቸውን ይፈታሉ፤ ቁስለኞቻቸው ይታከማሉ፤ የሚጠብቃቸው የእንግሊዝ ጦር ይሆናል። ከመቀሌው ጋር ሲነጻጸር ክብሩ ቀንሷል። የመቀሌዎቹ ወደ ወገናቸው ሄዱ፣ የአላጌዎቹ ወደ እስር ቤት። እንግሊዞች መንገዱን አገኙ፣ የህንዱ ክፍለ ጦርም ወደ ግብፅ ተላከ። በኢትዮጵያ በመጨረሻ የቀረው ትልቁ የጣሊያን ጦር በጄኔራል ናሲ እጅ ጎንደር ላይ ነበር። እሱም ክረምቱን ተከቦ ቆይቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 ተንበረከከ።

አላጌ ግን ከዚያ በፊትም ሌላ ከበባ አይቷል። ኅዳር 28 ቀን 1888 ሻለቃ ቶዜሊ በዚያው ተራራ በራስ መኮንን ጦር ተከቦ ነበር። እጅ አልሰጠም፣ ከአብዛኛው ሠራዊቱ ጋር እዚያው ሞተ። ራስ መኮንንም ሬሳው በክብር እንዲቀበር አደረጉ። ጣሊያኖች በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ምሽጉን በቶዜሊ ስም ጠሩት። ዱካው በ1933 ከዘቡ ፊት ያለፈው በዚያ ምሽግ አጠገብ ነው። ወደ ኬንያ ተወሰደ፣ ወባና ሳንባ ነቀርሳ ያዘው፣ ዓመት ሳይሞላው የካቲት 1934 ናይሮቢ ላይ ሞተ። ዕድሜው 43 ነበር። የተቀበረው ኔሪ ከምትባለው የኬንያ ከተማ ነው፣ ከወታደሮቹ ጋር።