ኤስኤንኤምፒ፦ የኔትወርክ አስተዳደር ፕሮቶኮል ስርጭትና የደኅንነት ክፍተቶቹ

ኤስኤንኤምፒ ራውተሮችን፣ ስዊቾችን፣ ሰርቨሮችንና ፕሪንተሮችን ከአንድ ቦታ ሆኖ ለመከታተልና ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚግባቡበት ደንብ፣ ነው። ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው «ኤጀንት» የተባለ ትንሽ ሶፍትዌር ይመልሳል፦ በዚህ መስመር ስንት ባይት አለፈ፣ መሣሪያው ከበራ ምን ያህል ጊዜ ሆነው፣ የትኛው ግንኙነት ተቋረጠ። ጥያቄው ዩዲፒ በተባለው የመልእክት መላኪያ ዘዴ በፖርት (በቁጥር በሚለይ የመሣሪያው መግቢያ በር) 161 ይሄዳል፤ ኤጀንቱ ሳይጠየቅ የሚልከው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በፖርት 162 ይደርሳል።

የፕሮቶኮሉ የመጀመሪያ ዝርዝር መግለጫ የወጣው በ1988 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ያኔ ጊዜያዊ መፍትሔ አድርገው ነበር የቆጠሩት፤ ዘላቂ ይሆናል የተባለው በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይዘጋጅ የነበረው ሲኤምአይፒ የተባለ ሌላ የአስተዳደር ፕሮቶኮል ነበር። እሱ ግን ከባድና ለመሥራት አስቸጋሪ ሆኖ ወደ ኋላ ቀረ። ኤስኤንኤምፒን ያስፋፋው ቀላልነቱ ነው፤ የደኅንነቱ ችግርም የሚመነጨው ከዚያው ነው።

በአንደኛው ስሪት ጠያቂው መብቱን የሚያሳየው «ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ» በሚባል ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ሳይመሰጠር ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር ስለሚጓዝ መስመሩን የሚያዳምጥ ሁሉ ያነበዋል። ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ለማንበብ «ፐብሊክ»፣ ለመጻፍ «ፕራይቬት» የሚሉ ቃላት ተሞልተውባቸው ነበር፤ የሚቀይራቸው ካልተገኘ በሩ ክፍት ነው። የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያገኘ ሰርጎ ገብ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የሶፍትዌሩን ስሪትና የአድራሻ ሰንጠረዦቹን ይሰበስባል። የመጻፍ ፈቃድ የያዘው ግን እጅግ አደገኛ ነው፦ በርካታ የሲስኮ ራውተሮች በዚሁ ፕሮቶኮል ታዘው ሙሉ የቅንብር ፋይላቸውን ከነይለፍ ቃሎቹ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊልኩ ይችላሉ።

በ1993 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ይህን ለማረም ሞክሮ ነበር። የደኅንነት አሠራሩ ውስብስብ በመሆኑ ተቀባይነት አጣና በ1996 በወጣው «2ሲ» የተባለ ስሪት መሐንዲሶቹ ወደዚያው ወደ አሮጌው ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ተመለሱ። በእኔ እምነት በፕሮቶኮሉ ታሪክ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ሁለተኛው ስሪት ያመጣው ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ የመጠየቂያ ትእዛዝም ለሌላ ጥቃት ዋለ፦ አጥቂው የሰለባውን አድራሻ የራሱ አስመስሎ ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ ብዙ እጥፍ የሚሆነው መልስ ሰለባው ላይ ይወርዳል።

እውነተኛ መከላከያ የመጣው በሦስተኛው ስሪት ነው። በ1998 ቀርቦ በታኅሣሥ 2002 ሙሉ ደረጃ ሆነ። ተጠቃሚን ያረጋግጣል፣ መልእክትን ይመሰጥራል፣ አሮጌ መልእክት ተደግሞ ሲላክ በሰዓት ልዩነቱ ለይቶ ይጥላል። ሆኖም ማረጋገጫም ምስጠራም የሌለበትን አሠራር ይፈቅዳል፤ መጀመሪያ የያዘው ዲኢኤስ የተባለ ምስጠራም ያኔውኑ ደካማ ነበር፤ ጠንካራው ምስጠራ ኤኢኤስ የተጨመረው በ2004 ነው። የይለፍ ቃሉ አጭር ከሆነ ደግሞ አንድ የተጠለፈ መልእክት ይዞ፣ ከኔትወርኩ ውጭ ሆኖ መገመት ይቻላል።

ሶፍትዌሮቹም የራሳቸው ጉድለት አላቸው። በ2002 በፊንላንድ የኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ተብለው የተበላሹ መልእክቶች የበርካታ አምራቾችን መሣሪያዎች እንደሚያናጉ አሳዩ። በ2008 ደግሞ አንዳንድ የሦስተኛው ስሪት ሶፍትዌሮች ወደ አንድ ባይት ያጠረ የማረጋገጫ ኮድ እንደሚቀበሉ ታወቀ፤ አንድ ባይት 256 ዓይነት ዋጋ ብቻ ስላለው፣ ይህም ማለት ቢበዛ በ256 ሙከራ ያለ ይለፍ ቃል መግባት ይቻላል።

ሦስተኛው ስሪት እያለ «2ሲ» እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። አሮጌው አንድ ቃል ብቻ ይፈልጋል፤ አዲሱ ለተጠቃሚዎች ስምና ቁልፍ፣ ለመሣሪያዎችም የየራሳቸውን መለያ ይጠይቃል። አዲሱን የማያውቁ አሮጌ መሣሪያዎችም በሥራ ላይ ዓመታትን ያስቆጥራሉ።

በ2002 የኢንተርኔት መሐንዲሶችና የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ ኤስኤንኤምፒ ለክትትል እንጂ ለማዋቀር እምብዛም እንደማያገለግል ተስማሙ። ከዚያ ውይይት የተወለደው ኔትኮንፍ የተባለ የማዋቀሪያ ፕሮቶኮል በ2006 ደረጃ ሆኖ ሲወጣ፣ የተመሰጠረውን የግንኙነት ዘዴ ኤስኤስኤችን ግዴታ አድርጎ ጀመረ። የማዋቀሩ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ሲሸጋገር የማንበቡ ሥራ ኤስኤንኤምፒ ዘንድ ቀርቷል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ አስተዳዳሪዎች የመጻፍ ፈቃዱን ጨርሰው ይዘጋሉ፣ ፖርት 161ንም ከተለየ የአስተዳደር ኔትወርክ ውጭ አይከፍቱም።