የጃቫ ክላስፓዝና የክላስ አጫጫን ስህተቶች

ክላስፓዝ አንድ የጃቫ ፕሮግራም ሲሠራ ክላሶቹ የሚፈለጉባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ክላሶች በፓኬጃቸው (በተመደቡበት የስም ክፍል) ቅርጽ የተደረደሩበት ፎልደር ወይም ጃር ፋይል (ብዙ ክላሶችን በአንድ ያሸገ ፋይል) ነው። ኮምፓይለሩ ያለ ቅሬታ ያሳለፈው ፕሮግራም ሲነሳ «ክላሱ አልተገኘም» ብሎ ሊወድቅ የሚችለው፣ ለኮምፓይለሩ የተሰጠው ዝርዝርና ለጄቪኤም (ፕሮግራሙን ለሚያስኬደው የጃቫ ማሽን) የተሰጠው ዝርዝር አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ነገር ስለሌለ ነው። ጃቫ ክፍሎቹን ሁሉ አስቀድሞ አያጣብቅም፤ እያንዳንዱ ክላስ የሚጫነው መጀመሪያ ሲፈለግ ነው። ስለዚህ የጎደለ ጃር ፕሮግራሙ በተነሳበት ቅጽበት ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ እሱን የሚፈልገው የኮድ ክፍል ተራው ሲደርስ ሊጋለጥ ይችላል።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥም አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ጃር በጃር ላይ በመጨመር ነው። የስህተቱ ስም በጥንቃቄ ከተነበበ ግን ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ ክላሱ የለም፤ ክላሱ አለ ነገር ግን መነሳት አልቻለም፤ ወይም የተገኘው ከተፈለገው ሌላ ነው። በሦስተኛው ላይ ጃር መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል።

ክላሱን ማን ይጭነዋል?

ክላስ የሚጭነው ክላስ ሎደር ይባላል። ከጃቫ 9 ጀምሮ ጄቪኤም ሲነሳ ሦስት ሎደሮች ይኖራሉ፦ የቋንቋውን መሠረታዊ ክላሶች የሚጭነው ቡትስትራፕ፣ ቀሪዎቹን የጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ስብስብ) ሞጁሎች የሚይዘው ፕላትፎርም፣ ክላስፓዙን የሚያነበው ደግሞ አፕሊኬሽን ሎደር። እስከ ጃቫ 8 ድረስ በመካከለኛው ቦታ የነበረው ኤክስቴንሽን ሎደር ሲሆን፣ ጃሮችን በጄአርኢ (በጃቫ ማስኬጃው) ውስጥ ካለው የኤክስት ፎልደር ያነብ ነበር። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 የወጣው ጃቫ 9 ሲመጣ ተወግዷል፤ ጃሩን እዚያ ፎልደር ውስጥ ክተቱ የሚል የቆየ ምክር ዛሬ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው ጃቫ 1.2 ወዲህ ሎደሮች የሚሠሩት በውክልና ነው። ልጁ ሎደር ክላስ ሲጠየቅ መጀመሪያ ወላጁን ይጠይቃል፤ ወላጁ ካጣው ብቻ ራሱ ይፈልጋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ወላጁ የጫነው ክላስ በልጁ ዘንድ ብቻ ያለን ጃር ማየት አይችልም። ሁለተኛ፣ በጄቪኤም ውስጥ የአንድ ክላስ ማንነት ስሙ ብቻ ሳይሆን ስሙና የጫነው ሎደር በአንድነት ናቸው። ያው ፋይል በሁለት ሎደሮች ከተጫነ ሁለት የተለያዩ ክላሶች ይሆናሉ። ስሙ ራሱን የሚመስል ክላስ ወደ ራሱ መለወጥ አልተቻለም የሚል ግራ የሚያጋባ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ

«ኩድ ኖት ፋይንድ ኦር ሎድ ሜን ክላስ» የሚለው መልእክት የጀማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያ ግድግዳ ነው። ክላሱ ዋና ተብሎ መዝገብ.ሒሳብ በሚል ፓኬጅ ውስጥ አለ እንበል። የክላስ ፋይሉ በመዝገብ/ሒሳብ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ክላስፓዙ የሚያመለክተው ግን «መዝገብ» የሚባለውን ፎልደር የያዘውን የበላይ ፎልደር ነው፦

ጃቫ -ሲፒ ውጤት መዝገብ.ሒሳብ.ዋና

እዚህ ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ክላስፓዙን እስከ ሒሳብ ድረስ አውርዶ ክላሱን «ዋና» ብቻ ብሎ መጥራት አንዱ ነው። በዚህ ጊዜ ጄቪኤም ፋይሉን ያገኘዋል፤ ውስጡ የተጻፈው ስም ግን መዝገብ/ሒሳብ/ዋና ስለሆነ «ሮንግ ኔም» የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። ይህ ማብራሪያ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ትክክለኛውን ስም ራሱ ይናገራልና። ሌላው ከስሙ ኋላ የፋይሉን ቅጥያ መጨመር ነው፤ ትእዛዙ የሚፈልገው የክላስ ስም እንጂ የፋይል ስም አይደለም። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ማምታታትም አለ፦ ዊንዶውስ ለፊደል መጠን ግድ የማይሰጠው የፋይል ሥርዓት ስላለው ፋይሉ ሊገኝለት ይችላል፤ ሊነክስ ላይ ግን ጭራሽ አይገኝም።

የክላስ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጃቫ ይፈቅዳል። ነገር ግን የክላሱ ስም የፋይል ስምም ስለሚሆን፣ የሲስተሙ ሎካል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ሲ ወይም ፖዚክስ ሆኖ በተዋቀረ ሊነክስ ላይ ጄቪኤም የፋይሉን ስም በትክክል ማንበብ ያቅተውና ክላሱ የለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ጀምሮ የጽሑፍ ይዘት መደበኛ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ቢሆንም የፋይል ስሞች አሁንም የሲስተሙን ሎካል ይከተላሉ። ሎካሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ ይፈታዋል።

የክላስፓዙ ዝርዝር ከየት እንደሚመጣ ደንቡ ጥብቅ ነው። ምንም ካልተባለ ክላስፓዙ አሁን ያለንበት ፎልደር፣ ማለትም ነጥብ ነው። ክላስፓዝ የተሰኘው የሲስተም ተለዋዋጭ ከተሞላ ነጥቡ ይቀራል፤ ከተፈለገ በእጅ መጨመር አለበት። -ሲፒ ሲሰጥ ተለዋዋጩ ፈጽሞ አይነበብም። -ጃር ሲሰጥ ደግሞ -ሲፒም ተለዋዋጩም አይነበቡም፤ ዝርዝሩ የሚመጣው ከጃሩ ውስጥ ካለው ማኒፌስት (የጃሩን መረጃ የያዘ የጽሑፍ ፋይል) ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ላይ መጻፍ ስህተት አያሳይም፣ ጥቅምም የለውም፤ ብዙ ሰዎችን ቀኑን ሙሉ ያለፋል። ተጨማሪ ጃር ካስፈለገ -ጃርን ትቶ ሁሉንም በ-ሲፒ ዘርዝሮ ዋናውን ክላስ በሙሉ ስሙ መጥራት ይሻላል። ተለዋዋጩን ባዶ መተው ሁልጊዜ የሚመከር ነው፤ ለአንዱ ፕሮግራም የተሞላው ሌላውን ይሰብራልና።

መለያ ምልክቱ በዊንዶውስ ; ሲሆን በሊነክስና በማክ : ነው። በሊነክስ ሼል ; አዲስ ትእዛዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ትእዛዝ ለሁለት ይቆረጣል። ኮከብ ምልክት፣ ለምሳሌ "ላይብ/*"፣ በዚያ ፎልደር ያሉ ጃሮችን ብቻ ያመጣል፤ የተበተኑ የክላስ ፋይሎችንም ሆነ ንዑስ ፎልደሮችን አይነካም፣ የጃሮቹም ቅደም ተከተል ዋስትና የለውም። በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ሼሉ ቀድሞ ይፈታውና ከመጀመሪያው ጃር በኋላ ያሉት እንደ ክላስ ስም ይቆጠራሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ በክላስፓዝ ላይ የሌለ ፎልደር ወይም ጃር ቢጻፍ ጄቪኤም ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። አንዲት ፊደል መሳሳት ጃሩን እንዳልተጠራ ያደርገዋል።

ማኒፌስቱ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የሜን-ክላስ መስመር ከሌለ «ኖ ሜን ማኒፌስት አትሪቢዩት» ይላል። የክላስ-ፓዝ መስመር ጃሮችን የሚለየው በባዶ ቦታ እንጂ በ: አይደለም፤ አድራሻዎቹም የሚለኩት ከጃሩ ቦታ እንጂ ትእዛዙ ከተሰጠበት ፎልደር አይደለም። አንድ መስመር ከ72 ባይት መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ቀጣዩ መስመር በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምራል። በእጅ የተጻፈ ማኒፌስት መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ከሌለው የመጨረሻው መስመር ላይነበብ ይችላል።

ሁለቱ የሚምታቱ ስሞች

ክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን የሚመጣው ኮዱ ክላሱን በስሙ በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው፤ ለምሳሌ በክላስ.ፎርኔም፣ ወይም ስሙን ከኮንፊገሬሽን ፋይል ያነበበ ፍሬምወርክ ሲጭነው። መልእክቱ ስሙን በነጥብ ይጽፋል። መጀመሪያ የሚታየው የፊደል አጻጻፉ ነው፤ ከዚያ ጃሩ።

ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር ግን የሚመጣው ኮምፓይል ሲደረግ የነበረ ክላስ ሲሠራ ሲታጣ ነው፤ ስሙን በ/ ምልክት፣ መዝገብ/ሒሳብ/ዋና እያለ ይጽፋል። ጥሪው በተጻፈ ስም ሳይሆን በኮዱ ውስጥ በቀጥታ ስለሆነ የፊደል ስህተት ሊሆን አይችልም፤ የጎደለ ጃር ነው። ሜቨን በተባለው የግንባታ መሣሪያ ላይ ፕሮቫይድድ ተብሎ የተመደበ ላይብረሪ የተለመደ ምክንያት ነው፦ ኮምፓይለሩ ያየዋል፣ ከፕሮግራሙ ጋር ግን አይታሸግም።

የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ «ኩድ ኖት ኢኒሻላይዝ ክላስ» ይላል፤ ይህ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ክላሱ ተገኝቷል፤ ስታቲክ ክፍሉ (ክላሱ ሲነሳ አንድ ጊዜ የሚሠራው ኮድ) ሲሠራ ግን ወድቋል። በመጀመሪያው ጊዜ ኤክሴፕሽን ኢን ኢኒሻላይዘር ኤረር ከነምክንያቱ ይወጣል፤ ጄቪኤም ክላሱን የተበላሸ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ዳግም አይሞክረውም። ከዚያ በኋላ ያለ እያንዳንዱ ጥሪ በቆዩ የጃቫ ስሪቶች ይህን አጭር መልእክት ብቻ ይሰጣል። እውነተኛው ምክንያት፣ ያልተገኘ የኮንፊገሬሽን ፋይል ይሁን ባዶ ተለዋዋጭ፣ ያለው በሎጉ ላይኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ሎግ የሚነበበው ከመጨረሻው ወደ ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ስህተት ጀምሮ ነው።

የስሪት አለመግባባት

እያንዳንዱ የክላስ ፋይል የስሪት ቁጥር ይይዛል፦ ጃቫ 8 52፣ ጃቫ 11 55፣ ጃቫ 17 61፣ ጃቫ 21 65። በጃቫው ቁጥር ላይ 44 መደመር ነው። አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር «61 አግኝቼ እስከ 55 ብቻ አውቃለሁ» ካለ፣ በጃቫ 17 የተሠራውን ጃቫ 11 እያስኬደው ነው። ከመልሶ ግንባታ በፊት ጃቫ -ቨርዥን ብሎ የትኛው ጃቫ እንደሚነሳ ማየት ይገባል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጃቫ መኖሩ የተለመደ ነው።

ለአሮጌ ስሪት ሲሠራ የኮምፓይለሩ አማራጮች -ሶርስና -ታርጌት ቁጥሩን ብቻ ያስተካክላሉ፤ የላይብረሪውን ይዘት አይጠብቁም። የታወቀው ምሳሌ የባይትበፈር ፍሊፕ ሜተድ ነው። ጃቫ 9 የሚመልሰውን ዓይነት ስለለወጠ፣ በጃቫ 9 ወይም ከዚያ በላይ ለ8 ተብሎ የተሠራ ኮድ ጃቫ 8 ላይ ኖ ሰች ሜተድ ኤረር ያመጣል። --ሪሊዝ 8 መጠቀም ይህን ይከላከላል።

በሌላ አቅጣጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ጃክስቢን (ኤክስኤምኤልን ከጃቫ ጋር የሚያገናኘውን ላይብረሪ) ጨምሮ አንዳንድ የኢንተርፕራይዝ ፓኬጆችን ከጄዲኬ አስወጥቷል። በጃቫ 8 ይሠራ የነበረ ፕሮግራም የጃክስቢ ክላስ የለም ካለ፣ ላይብረሪውን እንደማንኛውም ጃር ለብቻው መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ ክላስ በሁለት ጃር

ኖ ሰች ሜተድ ኤረርና ኖ ሰች ፊልድ ኤረር ሲመጡ ክላሱ ተገኝቷል፤ የተገኘው ግን ሌላ ስሪት ነው። በክላስፓዝ ላይ ያው ስም ሁለት ጊዜ ካለ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል፣ ስለ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የለም። ሜቨን ስሪቶች ሲጋጩ በጥገኝነት ዛፉ ላይ ለፕሮጀክቱ የቀረበውን ይመርጣል፤ ርቀታቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የተጻፈውን። ሌላው የግንባታ መሣሪያ ግሬድል በመደበኛነት ከፍተኛውን ስሪት ይወስዳል። ስለዚህ በሜቨን አዲስ ላይብረሪ መጨመር የሌላውን ስሪት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የሜቨን ዲፔንደንሲ:ትሪ እና የግሬድል ዲፔንደንሲኢንሳይት ማን ማንን እንዳመጣ ያሳያሉ።

ግምትን የሚያስቀር አንድ መሣሪያ ቢመረጥ -ቨርቦስ:ክላስ ነው፤ ከጃቫ 9 ወዲህ ዝርዝር መልኩ -ኤክስሎግ:ክላስ+ሎድ=ኢንፎ ነው። እያንዳንዱ ክላስ ከየትኛው ጃር እንደተጫነ በመስመር በመስመር ያወጣል። ውጤቱ በሺህ የሚቆጠር መስመር ስለሚሆን ወደ ፋይል ተመርቶ የተጠረጠረው ስም ይፈለግበታል። ጃር ቲኤፍ የጃሩን ይዘት ይዘረዝራል፤ ጃቫፒ -ቨርቦስ የክላሱን የስሪት ቁጥርና ሜተዶች ያሳያል፤ -ኤክስሾውሴቲንግስ:ፕሮፐርቲስ ደግሞ ጄቪኤም በእርግጥ የተቀበለውን ክላስፓዝ ያትማል። የመጨረሻው በተለይ በስክሪፕት ለሚነሱ ፕሮግራሞች ጠቃሚ ነው፤ ስክሪፕቱ የጻፈው የመሰለንና የጻፈው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

የታሸጉ ጃሮችና ሰርቨሮች

ሁሉን በአንድ ጃር ማሸግ የክላስፓዝን ጣጣ ያቃልላል፤ የራሱንም ያመጣል። በሜታ-ኢንፍ/ሰርቪስስ ስር ያሉ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች አንዱ ሌላውን ከደፈጠጡ፣ ክላሱ ጃሩ ውስጥ እያለ የዳታቤዝ ድራይቨር ወይም ሌላ ሰርቪስ አይታወቅም። የሜቨን ሼድ ፕለጊን እነዚህን የሚያዋህድ ትራንስፎርመር አለው። ከተፈረመ ጃር የተረፉ የፊርማ ፋይሎች ካሉ ደግሞ የፊርማው ዳይጀስት ልክ አይደለም የሚል ሴኩሪቲ ኤክሴፕሽን ይመጣል፤ እነሱን ከእሽጉ ማስወገድ በቂ ነው።

ቶምካት የተባለው የዌብ ሰርቨር በመደበኛ አሠራሩ ውክልናውን ይገለብጣል፦ ከጃቫ የራሱ ክላሶችና ከሰርቭሌት ኤፒአይ (የዌብ ጥያቄ ከሚያስተናግዱ ክላሶች) በስተቀር፣ መጀመሪያ የዌብ አፕሊኬሽኑን ዌብ-ኢንፍ/ክላስስ፣ ቀጥሎ ዌብ-ኢንፍ/ሊብን ያያል፤ ወላጁን የሚጠይቀው በኋላ ነው። ከቶምካት 10 ጀምሮ የሰርቭሌት ፓኬጅ ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ስለተቀየረ፣ ለ9 የተሠራ አፕሊኬሽን እዚያ ላይ የጃቫክስ.ሰርቭሌት ክላስ አጣሁ ይላል። አሮጌውን የሰርቭሌት ጃር ዌብ-ኢንፍ/ሊብ ውስጥ መክተት አይፈታውም፤ ኮዱ ወደ አዲሱ ስም መሸጋገር ወይም ቶምካት 9 ላይ መቆየት አለበት።

ከሁሉ ለመለየት የሚያስቸግረው፣ ያው ኮድ በዋናው ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ሠርቶ በሌላ ትሬድ ላይ ክላስ ሲያጣ ነው። ከጃቫ 9 ወዲህ የፎርክጆይን የጋራ ፑል ትሬዶች ኮንቴክስት ሎደራቸው (ትሬዱ ክላስ ሲፈልግ የሚጠቀምበት) የሲስተሙ ሎደር ነው። ጃር በጃር ውስጥ በሚያሽጉ ፍሬምወርኮች፣ እንደ ስፕሪንግ ቡት ባሉት፣ የአፕሊኬሽኑ ክላሶች ያሉት በሌላ ልጅ ሎደር ዘንድ ስለሆነ በፓራለል ስትሪም ወይም በኮምፕሊታብልፊውቸር የተላከ ሥራ ክላሱን አያየውም። ለሥራው የራሱን ኤግዚኪውተር መስጠትና ለትሬዶቹ የአፕሊኬሽኑን ሎደር በሴትኮንቴክስትክላስሎደር ማስያዝ ይፈታዋል።