የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ሽያጭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ወጪ መኪና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቁቡ ሲደርሰው ከዘመድ የተበደረውን ጨምሮ ከቻይና የመጣ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ አለ። ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ሲያትል ውስጥ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ መኪና፣ ገዝቶ በታክሲና በኡበር የሚተዳደር አለ። ሁለቱም ገንዘባቸውን የሚያወጡት ሻጩ በነገራቸው ቁጥር ተማምነው ነው፦ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ይህን ያህል ነዳጅ ይቆጥባል፣ ይህን ያህል ቅናሽ አለው። አብዛኞቹ ቁጥሮች ፈጠራ አይደሉም። ግን እያንዳንዱ ቁጥር የሚሠራበት ሁኔታ አለው፤ ማስታወቂያው ቁጥሩን በትልቁ ይጽፍና ሁኔታውን በደቃቅ ፊደል ከግርጌ ያኖረዋል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ከዚህ በታች ያነሣኋቸው ገዢን ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉት ናቸው። ዓመቶቹና ወሮቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ማስታወቂያው 305 ኪሎ ሜትር ካለ፣ 305 ይሄዳል»

ይህ ቁጥር የሚገኘው አስፋልት ላይ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የሙከራው ሥርዓት ደግሞ አገር በአገር ይለያያል። ቻይና ሲ ኤል ቲ ሲ፣ አውሮፓ ደብሊው ኤል ቲ ፒ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲዋ ያወጣው የራሷ አላት። የቻይናው ሙከራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍተኛው 114 ነው። የአውሮፓው አማካይ 46 ገደማ ነው፤ እስከ 131ም ይደርሳል። ኤሌክትሪክ መኪና እየቆመ እየተነሣ በዝግታ ሲሄድ ቆጣቢ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይባክን ከነበረው ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ነፋሱን ለመግፋት የሚወጣው ኃይል በጣም ያሻቅባል። ስለዚህ ዝግ ያለው ሙከራ ረጅም ርቀት ያወጣል።

የቻይናውን ኩባንያ የቢዋይዲን ትንሿን መኪና ሲጋልን እንይ። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት ሲጋል ቻይና ውስጥ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብላ ትሸጣለች። አውሮፓ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም ስትገባ፣ ያንኑ መጠን ያለው ባትሪ ይዛ የተመዘገበላት 220 ነው። ልዩነቱ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ከሞላ ጎደል የሚያህል ርቀት። ማንም አልዋሸም። ሁለቱም ቁጥሮች በየአገራቸው ሕጋዊ ናቸው።

ለአዲስ አበባ ነጂ የቻይናው ቁጥር ጨርሶ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የከተማው መንገድ ዝግ ያለ፣ አየሩም ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ቁጥሩ ከእውነቱ ያን ያህል ላይርቅ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሲነሣ ነው። ብርድ ባለበት አገር ለምትኖሩ ደግሞ ሌላም አለ። የደቡብ ኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በጥር 2023 ቴስላን 2.85 ቢሊዮን ዎን የቀጣው፣ የሚሄደው ርቀት በብርድ እንደሚቀንስ ለገዢዎች አላሳወቀም ብሎ ነበር፤ ኮሚሽኑ እንዳለው ቅናሹ እስከ 50.5 በመቶ ይደርሳል። ሻጭ ኪሎ ሜትር ሲጠራ «በየትኛው ሙከራ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ቁጥሩንም አያውቀውም።

«ተፎካካሪን በስም ጠርቶ የሚያወዳድር ማስታወቂያ፣ መንግሥት አይቶ ያጸደቀው ነው»

አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 ባወጣው አቋም፣ ተፎካካሪን በስም ጠቅሶ ማወዳደር እውነትና ግልጽ እስከሆነ ድረስ ሸማቹን ይጠቅማል ብሎ አበረታቶታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ1997 በመመሪያ ፈቅዶታል። እኛም ዘንድ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 የከለከለው በሐሰት ወይም በሚያሻማ መንገድ ማወዳደርን ነው። ሕጉ ግን በአመዛኙ የሚሠራው ማስታወቂያው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው መክሰስ፣ አንድ አካል መመርመር አለበት። ያ እስኪሆን መኪናው ተሽጦ ያልቃል።

ይህን ከፎርድ ሲ-ማክስ ሃይብሪድ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ፎርድ የ2013 ሞዴሉን ሲያወጣ በጋሎን 47 ማይል፣ በእኛ ልክ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይሄዳል አለ። የተፎካካሪው የቶዮታ ፕሪየስ ቪ ይፋዊ ቁጥር 42 ነበር። «የሃይብሪድ ጨዋታዎች» የሚባሉ፣ እንደ ኦሊምፒክ ውድድር የሚተረኩ ቪዲዮዎች ተሠሩ፤ ሲ-ማክስ ሌሎቹን ሃይብሪዶች እያሸነፈ ይታያል። ገዢዎች ግን ያን 47 ማይል ነድተው ሊያገኙት አልቻሉም።

ምክንያቱ ሲታወቅ፣ 47 የተባለው ቁጥር ከሲ-ማክስ የተለካ አልነበረም። ተመሳሳይ ሞተርና ተቀራራቢ ክብደት ያለው የፎርድ ፊውዥን ሃይብሪድ ሴዳን የተለካበት ውጤት ነው የተለጠፈበት፤ የጊዜው ደንብ ይህን ይፈቅድ ነበር። ሲ-ማክስ ደግሞ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚይዝ ቅርጽ ያለው መኪና ነው። በነሐሴ 2013 ቁጥሩ ወደ 43 ወረደ፤ ፎርድም ለገዢዎች 550 ዶላር፣ በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ለያዙት 325 ዶላር ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወደ 40 ወረደ፤ ይህ ከፕሪየስ ቪ በታች ነው። በግንቦት 2022 ደግሞ ፎርድ ለ40 ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ 19.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ (ስምምነቱ በፒክአፕ መኪኖች የጭነት አቅም ላይ የቀረበ ሌላ ክስንም ያጠቃልላል)። የግዛቶቹ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች ቪዲዮዎቹ አሳሳች እንደነበሩ፣ በተጨባጭ የተደረጉት ሙከራዎች የሚታየውን ብልጫ እንዳልደገፉት አስታውቀዋል። በዚያ ጊዜ የሲ-ማክስ ምርት ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበር።

ፉክክሩ ሲጦፍ ቁጥሩም አብሮ ይጦፋል። በነሐሴ 2009 ጄኔራል ሞተርስ በባትሪም በቤንዚንም የሚሠራው ሸቭሮሌ ቮልት በጋሎን 230 ማይል ይሄዳል ሲል፣ ኒሳን ወዲያው ኤሌክትሪክ መኪናው ሊፍ 367 ይሄዳል ብሎ መለሰ። መኪኖቹ ገበያ ሲወጡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይፋዊ ቁጥር፣ ኤሌክትሪኩ በቤንዚን ልክ ተሰልቶ፣ ለሊፍ 99፣ ለቮልት በባትሪ 93፣ በቤንዚን ደግሞ 37 ሆነ።

«ሃይብሪድ ራሱን በራሱ ቻርጅ ያደርጋል»

ይህ የቶዮታና የሌክሰስ የማስታወቂያ ቃል ነው። የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን በ2020 መጀመሪያ አሳሳች ነው ብሎ ከለከለው፤ ኤሌክትሪኩ በነፃ የሚገኝ ያስመስላልና። ገመድ የማይሰካበት ሃይብሪድ የሚንቀሳቀስበት ኃይል በሙሉ መጀመሪያ ከቤንዚን የመጣ ነው፤ በፍሬን የሚመለሰውም ቤንዚኑ ቀድሞ የሰጠው ፍጥነት ነው። ሃይብሪድ ቆጣቢ መሆኑ እውነት ነው፣ በተለይ ከተማ ውስጥ። ያለ ነዳጅ ግን አይሄድም።

«በ18 ደቂቃ ይሞላል»

የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በግንቦት 2023 የሃዩንዳይንና የቶዮታን ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ ያገደው በዚህ ጉዳይ ነው። የሃዩንዳይ 18 ደቂቃ ባትሪውን ከ10 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ነው፤ ለዚያውም ባለ 350 ኪሎ ዋት ቻርጀር ላይ፣ ባትሪው በተመቸው ሙቀት ላይ እያለ። ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰካ ሌሊቱን ሙሉ ነው።

«የ7,500 ዶላሩ የታክስ ድጋፍ አሁንም አለ፤ ለማንም ይሰጣል»

አሜሪካ ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙት፤ አሮጌ ቪዲዮ አይቶ ዲለር (መኪና ሻጭ ድርጅት) ዘንድ የሚሄድ አሁንም አለና። ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ ድጋፍ መስከረም 30 ቀን 2025 ተዘግቷል። ለአዲስ መኪና የነበረውም ሆነ ላገለገለ መኪና እስከ 4,000 ዶላር ይደርስ የነበረው አሁን የለም። የቀረው አንዳንድ ግዛቶችና የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች የሚሰጡት ነው፤ ያም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በነበረበት ጊዜም ለማንም የሚታደል ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ከሚከፈል የገቢ ግብር ላይ ብቻ የሚቀነስ ነበር፤ የዓመቱ ግብሩ 3,000 ዶላር የሆነ ሰው የሚያገኘው 3,000 ነው፣ ቀሪው ይቀራል። ብዙ ልጅና መጠነኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ 7,500 አገኛለሁ ብሎ ፈርሞ በታክስ ወቅት ደንግጧል። በ2024 ዲለሩ ከዋጋው ላይ ወዲያው እንዲቀንስ ሲፈቀድ ይህ ችግር ተቃለለ። ግን ሌላ ገደብ ነበር፦ መኪናው ሰሜን አሜሪካ የተገጣጠመ፣ ዋጋው ለሴዳን ከ55,000፣ ለኤስ ዩ ቪ ከ80,000 ዶላር ያልበለጠ፣ የገዢው ገቢ ለላጤ ከ150,000፣ ለባልና ሚስት ከ300,000 ያልበለጠ መሆን ነበረበት። ቴስላ በድረ ገጹ ላይ ይህን ድጋፍና የሚቆጠበውን ቤንዚን ግምት ሳይቀር አስቀድሞ ቀንሶ ዋጋ ያሳይ የነበረ መሆኑን አልወደድኩትም፤ ያልገዛሁት ቤንዚን የመኪና ዋጋ አይደለም።

ፕሪየስና መሰል ሃይብሪዶች ደግሞ የፌዴራል ድጋፍ ካጡ ቆይተዋል። ከ2006 ጀምሮ የተሰጠው ድጋፍ ኩባንያው 60,000 መኪና ሲሸጥ መቀነስ ይጀምር ስለነበር፣ ቶዮታ በ2007 መገባደጃ ጨርሶ ወጥቷል።

«ድጋፉ ሲያበቃ ዋጋው በዚያው ልክ ይወደዳል፤ ዛሬውኑ ፈርም»

በ2025 ክረምት የሰማነው ዜማ ይህ ነበር። ሦስተኛው ሩብ ዓመት በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ ታሪክ ከፍተኛው ሆነ። በማግስቱ ጥቅምት ሲገባ ሃዩንዳይ የ2026 አዮኒክ 5 ዋጋን እንደ ሞዴሉ እስከ 9,800 ዶላር ቀነሰ፤ ቴስላም ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሞዴሎችን አወጣ። ቀድሞም ታይቷል፦ በ2019 መጀመሪያ የቴስላ ገዢዎች ድጋፍ በግማሽ ሲቀንስ፣ ኩባንያው ከየመኪናው ላይ 2,000 ዶላር አወረደ። ድጋፍ ሲነሣ ሻጩም ገዢ ያጣል፤ ስለዚህ ጉዳቱን ከፊሉን እሱ ይሸከማል። የተጣደፈ ሁሉ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ነገ በዚህ ዋጋ አታገኙትም» የሚለው ቃል ዕውቀት ሳይሆን ግፊት ነው።

«ድጋፉን ሁልጊዜ ሻጩ ነው የሚበላው» የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሳሊ በ2011 ያሳተመው ጥናት፣ ፕሪየስ እጥረት በነበረበት ጊዜ እንኳ የታክስ ድጋፉ አብዛኛው ጥቅም ለገዢው መድረሱን አሳይቷል።

«ያለ ወለድ ብድር ከጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ሁሌም ይሻላል»

ብዙውን ጊዜ የሚሰጧችሁ አንዱን ነው። በ40,000 ዶላር መኪና አስሉት፦ ያለ ወለድ በአምስት ዓመት ጠቅላላው 40,000 ነው። 3,000 ተቀንሶ ቀሪው በ6 በመቶ ወለድ ቢሆን 42,900 ገደማ ይከፈላል፤ እዚህ ላይ ያለ ወለዱ ያሸንፋል። ቅናሹ 7,500 ቢሆን ግን ጠቅላላው 37,700 ገደማ ነው፤ አሁን ቅናሹ አሸነፈ። ያለ ወለድ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሬዲታቸው (የብድር ታሪክ ነጥባቸው) ከፍተኛ ለሆነ ብቻ ነው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና ከቀረጥ ነፃ ነው»

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ ሲያስታውቁ፣ ሻጮች ይህን ቃል በየፖስተሩ ለጠፉት። ከዚያ ቀደም የገንዘብ ሚኒስቴር ያወጣው ማበረታቻ ግን ደረጃ ነበረው፦ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የመጣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ 15 በመቶ። የተነሡት ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ የጓደኛችሁ መኪና ከሁለት ዓመት በፊት የገባበት ሒሳብ ለእናንተ አይሠራም። ዋጋውን የሚወስነው ቀረጥ ብቻም አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

«ባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና አለው»

ኖሮት ይሆናል፤ ጥያቄው ለማን ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የስምንት ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ከ70 በመቶ አቅሙ በታች ሲወርድ ብቻ የሚሠራ ነው። 75 በመቶ ላይ ያለ ባትሪ ያስከፋ ይሆናል እንጂ አይለወጥም። በግል አስመጪ በኩል ከቻይና አዲስ አበባ የገባ መኪና ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና ባብዛኛው ቻይና ውስጥ ለተሸጠ መኪና የተሰጠ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚፈርምላችሁ አስመጪው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የቻይና የሽያጭ ማበረታቻ የወለደው ነገር አለ። በግንቦት 2025 ቢዋይዲ በ22 ሞዴሎች ላይ እስከ 34 በመቶ ቅናሽ ባደረገበት ወር፣ የግሬት ዎል ሞተር ሊቀ መንበር ዌይ ጂያንጁን ዜሮ ኪሎ ሜትር የሄዱ «ያገለገሉ» መኪኖች ገበያውን እንደሞሉት በአደባባይ ተናገሩ። ዲለሩ የሽያጭ ዕቅዱን ለመሙላት መኪናውን እንደተሸጠ ያስመዘግበዋል፤ ከዚያ ሳይነዳ እንደ ያገለገለ ይሸጠዋል። ወደ ውጭ አገር የሚላኩም አሉ። ፕላስቲኩ ያልተነሣለት መኪና ሆኖ ሳለ፣ የዋስትናው ዘመን ግን መቆጠር የጀመረው ቻይና ውስጥ በተመዘገበበት ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ወረቀት ጠይቁ፦ የመጀመሪያ ምዝገባውን ቀን የሚያሳየውን፣ እና ባትሪው ቢበላሽ አዲስ አበባ ላይ ማን እንደሚጠግነው በማኅተም የተጻፈውን።