ርካሽ መሮ፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ባለፈው ክረምት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለው የእናቴ ቤት በር አልዘጋ አለ። እርጥበቱ እንጨቱን አሳብጦታል። የመቃኑን አንድ ጎን ትንሽ መላጥ፣ ለአዲሱ ቁልፍም ቦታ መቆፈር ነበረብኝ። መርካቶ ወረድኩና ከተደረደሩት ሁሉ ርካሹን መሮ ገዛሁ። ቤት ገብቼ መታሁት። እንጨቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። «የማይረባ ብረት ሸጡልኝ» ብዬ ልጥለው ስል የሰፈራችን አናጢ ተቀበለኝ። ጠርዙን ቀስ አድርጎ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሳረፈው። ተንሸራተተ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ መቼ ተሳለና ነው?» አለኝ።

ስል የሆነ መሮ ጥፍር ላይ ሲያሳርፉት ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። የእኔው ገና አልተሳለም ነበር። ግማሽ ሰዓት ከሳልነው በኋላ ያንኑ የባህር ዛፍ መቃን እየላጠ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ርካሽ መሮ የሚባለውን ሁሉ እንደወረደ አልቀበልም።

«ርካሽ መሮ ስለት አይይዝም»

ብዙዎቻችን ይህን የምንለው አንድም ቀን ሳንስለው ነው። ርካሽ መሮ በግማሽ ያለቀ ዕቃ ነው። ብረቱን ገዝታችኋል፤ ቀሪውን ሥራ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ። ውድ የሚባለው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከመሥራቱ በፊት ትንሽ መሳል ይፈልጋል።

ለዚህ ውድ ድንጋይ አያስፈልግም። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ካላችሁ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት አንጥፉ። በ220 ቁጥር ጀምሩ፣ ወደ 400 ሂዱ፣ በ1000 ጨርሱ። መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ጀርባ ነው የምታሹት። ሙሉውን አይደለም፤ ከጫፉ 2 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እስኪሆን እሹት። ከዚያ ሰያፉን፣ ማለትም ወደ ጠርዙ ያዘነበለውን ፊት። ከጀርባው በኩል በጣት ስትዳስሱት የሚሻክር ቀጭን ብረት እስኪወጣ ቀጥሉ። እሱ ከወጣ ሁለቱ ፊቶች ተገናኝተዋል ማለት ነው። ጀርባውን ወረቀቱ ላይ አስተኝታችሁ ያን ቀጭን ብረት አሽታችሁ አውጡት፣ ከዚያ መሮውን በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ጎትቱት። አለቀ።

ማዕዘኑን ለመለካት መሣሪያ አትፈልጉ። የሰያፉ ፊት ርዝመት የብረቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መሮ 8 ሚሊሜትር ሰያፍ ማለት ነው። ጠርዙ ቶሎ ከታጠፈ ወይም ከተሸረፈ ስትስሉት መሮውን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ጫፉን ብቻ ወደ 35 ዲግሪ አምጡት። ለስላሳ ብረት እንደ ባህር ዛፍ ያለውን ጠንካራ እንጨት የሚችለው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካ ውስጥ በጥድፊያ ሲሞረድ የጫፉ ብረት በሙቀት ሊለሰልስ ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትስሉት ያ ክፍል ያልቅና ከኋላው ያለው ጥሩ ብረት ይወጣል። ስለዚህ ከሦስተኛው መሳል በፊት አትፍረዱበት።

«ለሻካራ ሥራ ስለት ምን ያደርጋል?»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ነው። የዶለዶመ መሮ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ሲበዛ ደግሞ መሮው ከእንጨቱ ላይ ያመልጥና እንጨቱን ወደያዘው እጅ ይሄዳል። ሻካራ ሥራ ማለት መልኩ አይታይም ማለት ነው እንጂ በዱልዱም ይሠራል ማለት አይደለም። የ1000 ቁጥሩን መዝለል ትችላላችሁ። በ400 የተሳለ ለሞራሌ ይበቃል። ግን ይሳል። ሁለቱም እጆቻችሁ ደግሞ ሁልጊዜ ከጠርዙ ኋላ ይሁኑ።

የፈረሰ ቤት እንጨት ላይ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ሚስማር ፈልጉ። ማግኔት ካላችሁ ላዩ ላይ አሳልፉት። አንዲት የተደበቀች ሚስማር የግማሽ ሰዓት ልፋታችሁን በአንድ ምት ታበላሸዋለች። እኔ አንዱን መሮ ለእንዲህ ዓይነቱ እንጨት ብቻ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ሌላ ሥራ አላሠራውም።

«ግራይንደር ላይ መሳል ይቀላል፤ ቢግልም ውሃ ውስጥ ይነከራል»

ይቀላል፤ ግን ብረቱን ይገድለዋል። ቀጭኑ ጫፍ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው የሚመጣው ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው። ተራ የመሮ ብረት እዚያ ከደረሰ ለመቁረጫ ጠርዝ በጣም ለስልሷል። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ይቀዘቅዛል እንጂ የሄደው ጥንካሬ አይመለስም። ብረት በመንከር የሚጠነክረው መጀመሪያ ቀልቶ እስኪነድ ሲግል ነው። መፍትሔው ሰማያዊውን ክፍል በሙሉ ሞርዶ ማውጣት ነው።

የተሸረፈ ጫፍ ለማስተካከል ግራይንደር ካስፈለገ ገና ሳይግል በየሁለት ሰከንዱ ውሃ ንከሩት። ባዶ ጣታችሁን ከጠርዙ ቅርብ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጣት ካልቻለው ለብረቱም በዝቷል። የመጨረሻው ስለት ግን በእጅ ይሁን።

«ከባሌስትራ የተሠራ ከሆነ አስተማማኝ ነው»

መርካቶ ውስጥ ባለው ምናለሽ ተራ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ መሮ ሠርተው ይሸጣሉ። ብረቱ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ በአግባቡ ከነደደና ከተነከረ ይጠነክራል። ግን ባሌስትራ የተሠራው እንዲተጣጠፍ እንጂ እንዲቆርጥ አይደለም። መሮ የሚያደርገው የቀጥቃጩ እጅ ነው። ከአንድ ሰው የገዛችኋቸው ሁለት መሮዎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስትሄዱ ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ አጠገብ ጎኑን አንዴ ሞክሩት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። እንደ ሚስማር በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነው፤ መልሱለት። ከውጭ በመጣው ላይም ይሄው ሙከራ ይሠራል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ብረቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ይነግራችኋል እንጂ በደንብ መጠንከሩን አይነግራችሁም።

«ሙሉ ስብስቡን መግዛት ያዋጣል»

ለሻካራ ሥራ ሁለት ይበቃሉ፦ ስፋታቸው ግማሽ ኢንችና አንድ ኢንች የሆኑት። የቀሩት መሳቢያ ውስጥ ይዝጋሉ።

«የፕላስቲክ እጀታ ጥሩ አይደለም»

በብረት መዶሻ የምትመቱ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል። አናቱ ላይ የብረት ቀለበት የሌለው የእንጨት እጀታ በብረት መዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል። እሱን በእንጨት መዶሻ ምቱት።

«ያገለገለ መሮ አይገዛም»

ይገዛል፤ ግን ገልብጣችሁ እዩት። ከሰያፉ ኋላ ምን ያህል ብረት እንደቀረው ተመልከቱ። እስከ እጀታው ሙሉ ብረት ሆኖ አናቱ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ የተደፋ ከሆነ ሲመታ ስባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዙሪያውን ሳትሞርዱ አትምቱት። ላይ ላዩን የያዘው ዝገት አያሳስባችሁ፤ በብርጭቆ ወረቀቱ ይለቃል። ጠፍጣፋው ጀርባ ከጠርዙ አጠገብ በዝገት የተቦረቦረ ከሆነ ግን፣ ምንም ያህል ቢረክስ እዚያው ተዉት።